የኦሪን መኪና የፊት እግር

ኦሪን ላህቲ መኪና አዋቂ ነኝ ይላል። ይበል፣ ማን ይከለክለዋል! ኤስካናባ ከተማ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን ሆድ እየበላ ስለሚጨርስ፣ ጋራዥ ያለው ወንድ ሁሉ ራሱን በራሱ መካኒክ አድርጎ ይሾማል። የኦሪን ግን የባሰ ነው።

አሮጌዋ ሰማያዊ መኪናቸው አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ የግራውን የፊት ጎማ የሚያያይዘው መገጣጠሚያ፣ ቴስታው፣ ተበልቶ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ትንቋቋለች። ሚስቱ ቬርና የለመነችውም እሷኑ ቴስታ እንዲቀይር ብቻ ነው። እህቷ ሉሲል ዲትሮይት ታማ ተኝታለች፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል።

«አንዷን ቴስታ ቀይርና ውሰደኝ» አለችው።

«ቅዳሜ» አላት።

ቅዳሜ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ ጎንበስ ብሎ አየና ጭንቅላቱን አከከ። «አንዴ ከተከፈተ አይቀር፣ ላስቲኮቹን፣ ጎሚኒዎቹንም ልቀይራቸው።» የዚያ አገር ወንዶች በሽታ ይኸው ነው፤ አንዴ ከተከፈተ አይቀር! ላስቲኩ ሲባል ላስቲኩ የተሰካበት ብረት፣ ብረቱ ሲባል አሞርዛተሩ፣ አሞርዛተሩ ሲባል ሞላው። ከዚያ ደግሞ ምርጫው አለ። ከእራት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተጎልቶ በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች ያማክራል። አንዱ ለስላሳው ላስቲክ ይሻላል ይለዋል፤ ሌላው፣ የለም፣ የእሽቅድምድም መኪኖች የሚያስሩት ጠንካራው ነው ይለዋል። እሽቅድምድም! ቤተ ክርስቲያንና ሱቅ ደርሳ ለምትመለስ መኪና!

«አንተ ሰውዬ፣ አንዷን ግጠምና እንሂድ እንጂ!»

«አንቺ ደግሞ! ርካሹን አስገብቼ መንገድ ላይ ብትበተንብንስ? ደህናው ዕቃ ታዟል፣ ቅዳሜ ይደርሳል።»

ዕቃው ደረሰ። ኦሪን ካርቶኑን ከፍቶ እንደ ሐብሐብ አገላበጠውና «ይሄማ ቀለሙ እንኳ በወጉ አልተቀባም» ብሎ መልሶ ላከው። ቬርና አንጀቷ አረረ፤ ግን አመነችው። የሚያናድደውም ይኸው ነው፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አመነችው።

ቬርና ይህን ስትነግራት ሉሲል በስልክ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። «በይ ንገሪው፣ ሞትም እንደሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እያለ ቢቀጥረኝ ጥሩ ነበር።»

ቬርና ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። በማግስቱ ለኦሪን ምንም ሳትናገር ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ስትደርስ የሉሲል አልጋ አንሶላው ተገፏል።

ቀብሩን ጨርሳ ስትመለስ ኦሪን ጋራዡ በር ላይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቃት። መኪናዋ ከክሪክ ወርዳለች። ነፍስ ይማር የለ፣ እንዴት ሰነበትሽ የለ! «የምርጥ ምርጡን ነው የገጠምኩላት» አላት። «ነይ ግቢ፣ እንሞክራት።»

ቬርና ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበራትም፤ ገባች። ከተማው ውስጥ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እየመረጠ ነዳባት። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

«አየሽ?» አለ ፊቱ በርቶ። «ነገውኑ ዲትሮይት ድረስ ይዤሽ እሄዳለሁ!»

ቬርና ዞር ብላ አየችው።

«ማን ጋ ልትወስደኝ፣ ኦሪን?»