ከቀዩ መንገድ አናት ላይ

አባቴ ሰው የሚመዝኑት በረዶ ላይ ነው። ስቶክሆልም ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ነድተዋል፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ስኪ ያስተማሯቸውም የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሶለንቱና በሚባለው ሰፈራችን ሐበሻ ተሰብስቦ ስለ ስኪ ተወርቶ የሳቸው ስም ካልተነሣ እራታቸውን በቅጡ አይበሉም። እናቴ "ሰውዬው በበረዶ ነው የተጠመቀው" ትላለች።

ታዲያ የማገባውን ሰው ሳነሣባቸው ስለ ሥራው አልጠየቁኝም፣ ስለ ዘሩም አልጠየቁኝም። መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ልየው አሉ። "አባዬ፣ ሊያገባኝ ነው እንጂ ሊንሸራተት እኮ አይደለም" ብላቸው፣ ሁለቱም ያው ነው አሉኝ።

እኔን የጨነቀኝ ግን ስኪው አልነበረም። የኔው ሰው ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣው በቅርቡ ነው፤ አካላ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እዚህ አገር አንድም ዘመድ የለውም። አባቴ ደግሞ ሽማግሌ ሳይመጣ ልጄን አልሰጥም፣ ስዊድን ነው ያለሁት ብዬ ወግ አልጥልም ብለዋል። ያሉትን እንደማያጥፉ አውቃለሁ። ማንን ይልካል? ጓደኞቹ እንደሆኑ ገና ጢማቸውን የሚቆጥሩ ናቸው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁና ከሁለት አንዳቸውን ላጣ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶደርማልም ከሚባለው ደሴት ማዶ ወዳለው የከተማው ኮረብታ ሄድን። አረንጓዴው መንገድ ለጀማሪ ነው፤ ሰማያዊው በበርች ዛፎች መሐል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ቀዩ ደግሞ ከአናቱ ቁልቁል ነው። አባቴ እንደሚሉት አረንጓዴው ለሕፃን፣ ሰማያዊው ለሠራተኛ፣ ቀዩ ለወንድ ነው። የኔው ሰው ስኪ እግሩ ላይ ሲያስር ያ ቀን የመጀመሪያው ነበር። ያስተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቆም ስትፈልግ የሁለቱን ስኪ የፊት ጫፍ አጋጥም አልኩት።

አባቴ ቀድመውን አረንጓዴው አናት ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ያ በወግ ያደገ ልጅ ገና ሲያያቸው ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሣ። ስኪ ያሰረ ሰው ቁልቁል ዞሮ ጎንበስ ካለ ደግሞ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ሄደ። አባቴም ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት ነውር ሆኖባቸው አጸፋውን ጎንበስ አሉ። እሳቸውም ሄዱ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እንዳጎነበሱ፣ እንዴት አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እየተባባሉ እስከ ታች ወረዱ። አጠገቤ ሕፃናት የሚያሠለጥነው ወጣት፣ ጉልበት የሚታጠፈው እንደነሱ ነው ብሎ ለልጆቹ ሲያሳያቸው ሰማሁ። በሳቅ ልፈነዳ ደረስኩ።

ታች ስደርስ አባቴ ልጁ መሠረት አለው ብለው ወስነው ነበር። እንግዲያው ሰማያዊውን እንሞክር አሉት። እሺ ጋሼ አለ።

ሰማያዊው ላይ አንዴ በጎኑ፣ አንዴ በጀርባው፣ አንዴ ደግሞ የበርች ግንድ አቅፎ ነው የወረደው። በተነሣ ቁጥር አባቴ እንቀጥል ወይ ይሉታል፤ እሱም በረዶውን ከጆሮው እየጠረገ እሺ ጋሼ ይላል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ተብሎ ያደገ ሰው ምን ይደረጋል! ጠጋ ብዬ አልችልም በላቸው እንጂ ስለው፣ ለአባትሽ እንዴት ብዬ እንቢ እላለሁ አለኝ። ተናደድኩበት፤ አንጀቴንም በላኝ።

አባቴ ቀዩስ ሲሉት አሁንም እሺ አለ፤ በሊፍቱ ወጣን። ከላይ ከተማው ከነውሃው ይታያል። ከእግራችን ሥር ያለው ግን በረዶ ሳይሆን የሚያብለጨልጭ ግግር ነው፤ ጥቂት ወርዶ ደግሞ ከዓይን ይሰወራል። አባቴ መነጽራቸውን ጠረጉ። ጓንታቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁ። ስለ አየሩ ጥቂት ተናገሩ። የኔው ሰው ደግሞ ሊገዛው እንደመጣ ሁሉ ከተማውን በጥሞና ያያል። ከዚያ መገባበዝ ተጀመረ፤ እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እንግዳ ይቅደም፣ ኧረ በፍጹም ታላቅ እያለ። ከኋላችን የመጡ የስዊድን ሕፃናት በመሐላቸው እየሾለኩ ይወርዳሉ፤ እነሱ ግን ይገባበዛሉ።

በመጨረሻ ልጁ ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄንንስ አልችልም።"

 በቃ፣ አለቀልን ብዬ ነበር። አባቴ ግን በረጅሙ ተነፈሱ።

"እግዜር ይስጥህ። ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል። አንተ እሺ እያልክ እኔ በየት በኩል ልመለስ?"

ሁለቱም ስኪያቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና በአጥሩ ጥግ በእግር መውረድ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ነኝ። አባቴ ስለ ወገኖቹ ጠየቁት። እናቱና አጎቱ አዲስ አበባ እንዳሉ፣ እዚህ ግን ማንም እንደሌለው ነገራቸው። ሽማግሌ ቢባል ደጅዎ የማቆመው ሰው የለኝም አላቸው፤ እኔም እንባዬ መጣ። አባቴ ጥቂት ሄዱና ቆሙ።

"ወግማ አይቀርም። ሰው ከሌለህ እኔው ሽማግሌ ሆኜ እመጣልሃለሁ። ብቻ ራሴን ሁለት ሦስቴ ሳላመላልስ እሺ የምል እንዳይመስልህ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሙሉ ሱፋቸውን እንደለበሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ከቤት ወጡና የገዛ ደወላቸውን ደወሉ። እናቴ ከፈተችላቸው። ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥምና ጉዳያቸውን ቆመው ተናገሩ፤ እናቴም እንመክርበታለን ብላ ሸኘቻቸው። ደረጃውን ወርደው ሕንጻውን ዞረው ተመለሱና ምሳ ቀረበላቸው። በሳምንቱም እንደዚያው፤ እናቴ ጭራሽ ብሶባት አባትየው ትንሽ አስቸጋሪ ሰው ናቸው ብላ መለሰቻቸው።

በሦስተኛው እሑድ እኔና እሱ ጓዳ ሆነን በበሩ ስንጥቅ እናያለን። አባቴ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። "ልጃችሁን ለልጃችን" ሊሉ ጀመሩና ቃሉ ጠፋባቸው።

"ልጄን ለልጄ" አሉ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ወንበር ሳበችላቸው።

"እንግዲህ ይቀመጡ" አለቻቸው።