ያልነደደው በር

ባለፈው እሑድ ልጄ ምሳ ልጋብዝሽ ብላ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ወሰደችኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ዕድሜዬን ለአስተናጋጁ ሳይቀር አሳበቀብኝ። ዱለቱ ጥሩ ነበር፣ ወሬያችንም ጥሩ ነበር። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ ካለው ግድግዳ ላይ አዴ ጋዲሴ ያዩኛል።

ከተቀረጸ እንጨት ላይ በጥቁር ቀለም የታተመ ፊታቸው፣ ጉንጫቸው ላይ ያረፈችው የእንጨቱ አንጓ እንኳ ሳትቀር፣ መስታወት ገብቶለት ተሰቅሏል። ከግርጌው በእርሳስ «41/200» ይላል፣ ከሁለት መቶ ቅጂ አርባ አንደኛው ማለት ነው፤ ከጎኑ የቢንያም ፊርማ አለ። ወረቀቱ አዲስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ አልሳሳትም። ያ ፊት ግን በዚህ ዓለም ላይ ሃያ ቦታ ብቻ ነበር መገኘት የነበረበት። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ቢንያም የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። እሱ ሥዕል ተምሮ ጨርሷል፣ እኔ አንድ ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ተቀጥሬያለሁ፤ ጎፋ አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተን ቅዳሜና እሑድ መጽሐፍ እንሠራ ነበር። ሱቅ የሚሸጠውን ዓይነት አይደለም። እሱ ሳንቃ ላይ ሥዕል ይቀርጻል፤ ሳንቃውን ቀለም ቀብተን፣ ወረቀት አልብሰን፣ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ እያሸን እናትማለን፤ እኔ ጽሑፉን አዘጋጅቼ በሰም በተቀባ ክር እሰፋዋለሁ። ስንት ቅጂ እንደሚኖር አስቀድመን እንወስናለን፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩን እንጽፋለን፣ መጨረሻ ላይ ሳንቃው ይጠፋል። ሳንቃው ካለ ቁጥሩ ውሸት ነው። ይህን ደንብ ያስተማረኝ ራሱ ቢንያም ነበር።

አንድ ክረምት ላፍቶ ወርደን ከአዴ ጋዲሴ ጋር ተዋወቅን። ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «አዴ»፣ በኦሮምኛ እናት፣ ይላቸዋል። የሳቸውን ጨምሮ በአካባቢው ያሉት ቤቶች ሊፈርሱ ነው፤ ከብቶቹ ተሸጠው በረቱ ባዶውን ቆሟል። የበረቱ በር ባለቤታቸው በመጥረቢያ ከጠረቧቸው የጥድ ሳንቃዎች የተገጠመ ነበር፤ ዝናብና የከብት ጎን ያለሰለሰው። ቢንያም ሲያየው ዓይኑ እዚያው ቀረ።

«እንጨቱን ውሰዱት» አሉን፣ በሩ ላይ ፊታቸውን ቀርጸን ታሪካቸውን መጽሐፍ ለማድረግ ማሰባችንን ስንነግራቸው። «ሃያ ጎረቤት አለኝ፣ ሃያ መጽሐፍ ሥሩ። አንዱ ጀሞ አንዱ ቃሊቲ ሊበተን ነው፤ እኔን ይዞኝ ይሂድ። ስትጨርሱ ግን እንጨቱን መልሱልኝ። እዚህ ቤት የመጨረሻውን ምግብ የማበስለው በሱ ነው። ባሌ የጠረበው ሜዳ አይወድቅም፣ የኔም ፊት ገበያ አይወጣም።»

«እሺ እናቴ፣ ችግር የለም» አለ ቢንያም።

እሳቸው ወደኔ ዞሩ። «የሱ ዓይን እንጨቱ ላይ ነው። አንቺ ማይልኝ፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

ማርያምን ብዬ ማልኩላቸው።

በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት የተደሰትኩበት ጊዜ ትንሽ ነው። የላፍቶ ጭቃ ጫማ ያወልቅ ነበር። እሳቸው ያወሩናል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ በቆሎ እሸት ጠብሰው ያበሉናል፤ ማታ ወደ ቤት ስመለስ ጥፍሬ ሥር የገባውን ቀለም በኦሞ እፈትጋለሁ። ወረቀቱ በእርጥበቱ ምክንያት አልደርቅ እያለ ክፍሏን ከዳር እስከ ዳር በገመድ ሞላናት፤ ሥሩ ጎንበስ ብለን እናልፋለን። ቢንያም በሩን ሲቀርጽ ክፍሉ በጥድ ሽታ ይታወድ ነበር። የፊታቸውን ሳንቃ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የመጀመሪያውን ወረቀት ገልጦ አየውና «ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ አልሠራም» አለኝ። ደስ ብሎት መስሎኝ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

ሃያውን ለሃያው ጎረቤት አደልን። ለራሳችን አንድም አላስቀረንም፤ እኔ በዚህ እንዴት ኮርቼ ነበር!

ጥቅምት ላይ አዴ ጋዲሴ ከቤታቸው የሚወጡበት ቀን ደረሰ። ቢንያም ሳንቃዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ አመጣ፣ ራሱ ፈትቶ፣ ቀለም የጠጣውን ጥቁር ጎናቸውን ወደ ታች አድርጎ እሳቱ ላይ ጨመራቸው። ቂንጬ ተጥዷል። ወዲያው ጎጆው በጭስ ተሞላ፤ ሁላችንም ዓይናችንን እንጠራርግ ጀመር።

አዴ ጋዲሴ እሳቱን አዩት። «ጥድ እንዲህ አያጨስም» አሉ። «ሲነድ ይሸታል። ይሄ አይሸትም።»

ቢንያም ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ሞኟ፣ «እርጥበት ስቦ ነው እኮ፤ ክፍላችን በጣም ይረጥባል» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ከልቤ የተናገርኩት ነገር የለም።

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «ይሆናል» አሉ፤ ቂንጬውንም ማማሰል ቀጠሉ።

ስንወጣ ልጄ የቢንያምን ስልክ ከምግብ ቤቱ ባለቤት ተቀብላልኝ ደወልኩ። ድምፁ አርጅቷል። ስሜን ስነግረው ደስ አለው፤ የደወልኩበትን ስነግረው ቆጣ አለ።

«ያን ሥራ እሳት ውስጥ መክተት ነበር ወንጀሉ! ባሕር ዛፍ ቀለም ቀብቼ ሰጠሁ፣ ማን ተጎዳ? ደግሞ አንቺ ዛሬ ምን አዲስ ሆነብሽ? ታውቂ አልነበር? ያኔ እርጥበት ነው ብለሽ የሸፈንሽልኝ አንቺ እኮ ነሽ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። እንደከዳኝ ነው የማስበው፣ ይቅር ልለውም አልቻልኩም፤ ብችልም የምፈልግ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ዘመን በጓደኛዬ ስመካ እሱ ግብረ አበር አድርጎኝ ኖሯል። ልጄ ታክሲ ውስጥ እጄን እንደያዘች ቤቴ ድረስ ሸኘችኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ አይደለም። አዴ ጋዲሴ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ወንበር ይሰጡኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፣ እስከ በር ይሸኙኛል። ኢንተላ ኮ ብለው ግን ጠርተውኝ አያውቁም። ደረጃው አድክሟቸው ነው እል ነበር። እስኪሞቱ ድረስ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ።

ያን ቀን ቂንጬውን ሲያወጡ መጀመሪያ ለኔ ሰጡኝ። ጭሱ አሁንም ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር። የማልኩላቸው በሐሰት እንደሆነ እያመኑ፣ ቅቤ አንሷል ብለው ጨመሩልኝ።