«ታስመስላለች» ያልኩባት ቀን

መጀመሪያ ቀን ኃላፊያችን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሲስተር፣ ኦሮምኛ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አልኩት።

ከደብረ ብርሃን በምደባ አርሲ ውስጥ ከኦጎልቾ ወጣ ወዳለ ጤና ጣቢያ መምጣቴ ነው። የማውቀው «አካም»ና «ነጋ» የሚሉትን ሰላምታዎች ብቻ፤ እሱንም አሰላ መናኸሪያ ውስጥ የለቀምኩት። ግን ከእኔ ፊት የገባችው ነርስ «አልችልም» ብላ ካርድ ክፍል ስትመደብ ሰምቻለሁ። እኔ ካርድ ስፈልግ ልዋል? ነርስነት ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት!

ሥራዬ በሽተኛ መቀበል፣ ግፊትና ሙቀት መለካት፣ የሚሉትን ሰምቼ ለጤና መኮንኑ ማስረዳት ነበር። እሱ የጎንደር ልጅ ነው፤ አንድም የኦሮምኛ ቃል አያውቅም፣ የእኔን አፍ ይጠብቃል። አንድ ቃል ስይዝ የቀረውን ከፊታቸው እገምታለሁ። «ኤዬ፣ ኤዬ»፣ አዎ አዎ፣ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሆድ ሲይዙ ሆድ፣ ራስ ሲይዙ ራስ። በስድስት ወር ጎበዝ ተባልኩ። ወይ ጉብዝና!

በእኛ ሥራ «ታስመስላለች» የምትባል ቃል አለች። ከባሏ ተጣልታ የወደቀች ወይም ፈተና ፈርታ ትንፋሽ ያጠራት ስትመጣ እንባባላለን። በጣት መገጣጠሚያ ደረቷን ጫን አድርገን እናሻለን፤ ዓይኗን ከገለጠች አግዳሚ ወንበር ላይ ትቆያለች። ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ ለበሽተኛዋ የሚሮጥ የለም። በኦሮምኛ «ፋኬሱ» እንደሚባል ከጽዳት ሠራተኛዋ ሰምቼ ይዣለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ሐሊማ የምትባል፣ ካገባች ዓመት ያልሞላት ልጅ በጋሪ መጣች። ሆዷን አቅፋለች። ግፊቷ ዝቅ ብሏል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። እናቷ ክንዴን ጨብጠው በጥድፊያ ተናገሩ። እኔ የያዝኩት መጨረሻዋን ነው፤ «ናቲ ፋካታ»።

አምቡላንሱ ወደ አሰላ ሊሄድ ሞተር አስነስቶ ቆሟል። ሹፌሩ «የምትልኩት ሰው አለ?» እያለ ይጣራል።

«ምን አሉ?» አለኝ ጤና መኮንኑ።

«ታስመስላለች ነው የሚሉት።»

«እናቷ ራሳቸው?»

«አዎ፣ ራሳቸው።»

እሱ ደረቷን ጫን አድርጎ አሸ። ዓይኗን ገለጠች። «እሺ፣ ትቆይ» አለ። አምቡላንሱ ባዶውን ሄደ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከንፈሯ ነጣ። ግሉኮስ ሰካን፤ ጤና መኮንኑ ሹፌሩን ተመለስ እያለ ስልክ ላይ ጮኸ። አምቡላንሱ ሳይደርስ ሐሊማ እጄ ላይ አረፈች። ጤና መኮንኑ ሆዷን ዳብሶ «ከማህፀን ውጭ እርግዝና ነው መሰለኝ፤ ውስጥ ለውስጥ ስትደማ ነው የዋለችው» አለ።

አስከሬኗን ጋሪው ላይ ስንጭን ዘበኛችን ጋሽ ቱፋ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ሲስተር፣ ጠዋት በሩ ላይ ሆኜ እናቷ ያሉትን ሰምቻለሁ። አንቺ ‹ታስመስላለች› ማለትሽን ገና አሁን ነገሩኝ፤ ከየት አምጥተሽ ነው?»

«እናቷ ፋካታ ሲሉ ሰምቼ...»

«‹ዋን ዱቱ ናቲ ፋካታ› ነው ያሉት። ‹የምትሞት ይመስለኛል›። ፋካታ ሌላ፣ ፋኬሱ ሌላ! በእናንተስ ‹መሰለኝ› እና ‹አስመሰለ› አንድ ነው እንዴ?»

አፈር ልብላ!

እናቷ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት እጄን ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ። አልገባኝም። «ኤዬ፣ ኤዬ» አልኩ። ኋላ ጋሽ ቱፋን ስጠይቃቸው «ለልጄ ደክመሻል ብለው መረቁሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ለጤና መኮንኑ እውነቱን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «አልገባኝም ብትይኝ ኖሮ ጋሽ ቱፋን እጠራ ነበር» አለ። ለእናቷ ግን አልነገርኳቸውም። ፈራሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጡረታ እስክወጣ እዚያው አርሲ ቀረሁ። ኦሮምኛውን ከጋሽ ቱፋ ተማርኩ። አዲስ ነርስ በተመደበ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠና ነበር፤ «ናፍ ሂን ጋሌ»፣ አልገባኝም። አንዳንዶቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ያን ቀን እዚያ ግቢ ውስጥ ያስመሰለ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ። የሚያውቅ ሰው በሩ ላይ ነበር።