ልብስ ሰፊዋ የረሳችው ክር

ንሶና ለሰው ዕቃ በግራ እጇ አቀብላ አታውቅም። ማቴቴ በሚባለው ሰፈራችን ተወልዳ አርባ ስድስት ዓመት ስትኖር የምትቀበለውም የምትሰጠውም በቀኝ፣ የምትቆርሰውም በቀኝ ነው። ልጅ ሳለች ማዕድ ሲቀርብ አክስቷ ግራ እጇን በቁራጭ ጨርቅ ከወገቧ ጋር ያስሩት ነበር። "ግራ እጅ የሚዘረጋው ለስድብ ነው" ይሏታል። እሷ ግን ፈጣሪዋ ግራኝ አድርጎ ሠርቷታል፤ ጨርቁ ሲፈታ እጁ ወደ ጥፋቱ ይመለሳል።

ያ እጅ እንደ ልቡ የሆነው በጊታር ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ዚንጋ ግድግዳ ላይ የሚሰቅላት ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረችው። "ክሯን የነካሽ ቀን አለቀልሽ" ብሎ ዝቶባታል። ስለዚህ እሱ ወጣ ሲል ታወርዳትና የክሯን ቦታ ሳትቀይር፣ ጊታሯን ብቻ ገልብጣ ትመታለች። የሌላው ሰው ወፍራም ክር ላይ ነው፤ የሷ ታች ወረደ። የሌላው ቀጭን ክር ታች ነው፤ የሷ ወጥቶ አውራ ጣቷ ስር ገባ። አንድ ቀን ዚንጋ ሳይታሰብ መጥቶ ያዛት። ሊመታት እጁን አነሳና ትንሽ አዳመጠ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ "እስቲ ድገሚው" አላት። ቤልጂየም ሲሄድ ጊታሯን ለሷ ትቶላት ሄደ።

እኔ ሙኮኮ እባላለሁ። በጸሎት ቤታችን የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እመታለሁ፤ ከንሶና ጎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። ይህን የማወራው ሰፈሩ ነገሩን እያበላሸ ስለሚያወራው ነው። "ከውጭ ጊታር መጥቶላት አማረጠች" ይላሉ። አፋቸው ይቆረጥ! አላማረጠችም።

መዝሙሩ አልቆ ጭፈራው ሲጀመር፣ ሴቤኔ የምንለው ጋ ስንደርስ፣ የንሶና ጊታር እንደ ማንም አልነበረም። ቀጭኑን ክር በአውራ ጣቷ ወደ ታች ስትገፋው የሚወጣውን ዝላይ ጊታር በትክክል የሚይዝ ሰው ሊያወጣው አይችልም፤ ብዙዎች ሞክረው ጣታቸው ተሳስሮባቸዋል። የጉልበት ሕመም ያለባቸው አሮጊቶች ወንበራቸውን ትተው ይነሱ ነበር።

በመጋቢት የንጂሊ ወንዝ ሞልቶ ሰፈራችን ገባ። ንሶና የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ ስታወጣ ጊታሯ ውሃ ውስጥ አደረች። እንጨቱ አብጦ ተሰነጠቀ፣ አንገቱ እንደ ቀስት ጎበጠ። ፓስተራችን ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ክፉ ነገር ሲናገር ፈገግ የሚለው። "ማማ ንሶና፣ እስከ በዓለ ሃምሳ ጊታር ካገኘሽ ቦታሽ ቦታሽ ነው" አላት። "ካልሆነ ዲዬመርሲ ይያዘው። ልጁ የራሱ ጊታር አለው።" ዲዬመርሲ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ቆሞ ቦታዋን በዓይኑ ሲበላ ኖሯል። መጥፎ ልጅ ነው አልልም። ጊዜው የደረሰ ይመስለዋል እንጂ።

ዚንጋ ይህን ሰማ። ደውሎም ወንድ ልጅ እስኪያፍር ድረስ አለቀሰ። "ዕድሜሽን ሙሉ የኔን ጊታር ገልብጠሽ ኖርሽ" አላት። "አሁን የራስሽን፣ አዲስ፣ እኔ ነኝ የምገዛልሽ። ከኢንተርኔት ምረጪ። እኔ ምርጫሽ ውስጥ አልገባም፤ ድሮ የከለከልኩሽ ይበቃል።" በአስር ቀን ውስጥ መምረጥ ነበረባት፤ ከጸሎት ቤታችን አንዲት ሴት ከቤልጂየም ልትመጣ ስለነበር ይዛላት ትመጣለች።

እንግዲህ መምረጥ ተጀመረ። ንሶና ስፌት ቤት ውስጥ እሷ፣ እኔና ከባንዱ ሁለት ልጆች፣ አራት ጭንቅላት አንድ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ ተደፋን። ሥጋ እንኳ ስንገዛ ጫን አድርገን የምናይ ሰዎች፣ ጊታር በፎቶ! አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ ነው፤ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም።

"የገዙት ሰዎች የጻፉትን አንብብልኝ" አለችው ዲዬመርሲን። እሱም አለ፤ ቦታዋን የሚጠብቀው ልጅ ጊታር ሊያስመርጣት መጥቶ ነበር።

"'ማሸጊያው ጥሩ ነው፣ ቶሎ ደረሰልኝ' ይላል ማማ።"

"ማሸጊያውን ልመታ ነው እንዴ? ሌላ!"

"'ለልጄ ልደት ገዛሁለት፣ ቀለሙን ወዶታል።'"

"ውይ አምላኬ!"

ቪዲዮም ነበረው። ጸጉሩ ትከሻው የደረሰ ፈረንጅ ሲመታው ስልኩ እንደ ተያዘ ዝንብ ጮኸ። ንሶና ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና "ጎበዝ ነው፣ ግን የሱን እጅ አይልኩልኝም" አለች።

"ማማ፣ እሱ ሰውዬ እኮ መጥረጊያም ቢሰጡት ያስጨፍርዎታል" አላት ዲዬመርሲ።

ከዚያ ገጹ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ዲዬመርሲ አንብቦ ተረጎመላት፦ ቀኝ እጅ ወይስ ግራ እጅ?

ንሶና መቀሷን አስቀመጠች። "ምን አለ?"

"ግራኝ ነዎት ወይ ይላል። ለግራኝ የተሠራ አለ።"

"ጠየቀኝ?" አለች። "በአርባ ስድስት ዓመቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ነገር ሲከብድ መቀለድ ልማዴ ነው፤ "አንቺ እኮ ግራኝ አይደለሽም፣ ግልብጥ ነሽ!" አልኳት።

"ዝም በል አንተ ወፍራም ክር!" ብላ የልኬት ሜትሯን ወረወረችብኝ። ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን ከአፌ የወጣውን እኔው ራሴ ብሰማው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ለቀኝ የተሠራው ገጽ ተገልጦ አያልቅም። ለግራኝ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የበሰለ ማንጎ የሚመስል ቢጫ። ንሶና በፎቶ የምትታለል ሴት ስላልሆነች መለካት ጀመረች። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ይላል፤ ገበያ ወርዳ የካሳቫ ዱቄት ሻጯን ሦስት ኪሎ ተኩል አስመዘነች፣ ከረጢቱን በቀበቶ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ግማሽ ሰዓት ቆመች። "ትከሻዬ ይችለዋል" አለች። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የአንገቱን ስፋት ሁሉ ከገጹ አስነብባ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ልክ እንደ ቀሚስ ንድፍ ቆረጠችው። መቀሱም የቀኝ ነው፤ እሱንም ገልብጣ ነው የምትይዘው።

የወረቀት ጊታሯን አንጠልጥላ መስታወት ፊት ስትቆም ልክክ አለላት። በድሮዋ ጊታር የድምጽ ቁልፎቹ ክርኗ ስር ስለሚውሉ በጭፈራው መሃል ድምጿ ዝቅ ይል ነበር፤ በዚህኛው ቁልፎቹ ከክርኗ ሸሹ። እኔ በአፌ ቤዙን አወጣሁላት፣ እሷ ወረቀቱን እየመታች ጨፈረች። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። እንደዚያ ባለ ደስታ ውስጥ ሆና አይቻት አላውቅም።

ማናችንም ለግራኝ የተሠራ ጊታር በዓይናችን አይተን አናውቅም። የሚዞረው ሰውነቱ ብቻ፣ ክሩ እንደሷው ቀጭኑ ላይ የሚሆን ነበር የመሰለን። ሦስት ሙዚቀኛ ነን ባዮች ነበርን፤ እሷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ሁሉን ለካች፣ ክሩን ረሳች። ወረቀት ክር የለውማ።

"ግራ" ብላ በራሷ ጣት ተጫነችው፤ በግራዋ።

ጊታሩ የደረሰው በዓለ ሃምሳ ሊውል አራት ቀን ሲቀረው ነው። ጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሳጥኑ ሲከፈት እልልታው ቀለጠ። ማንጎው ከፎቶው የበለጠ ያምራል። አንጠለጠለችው፤ ወረቀቱ አልዋሸም፣ ልኳ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ መታች።

ድምጹ ዕቃ ከመደርደሪያ ሲወድቅ ይመስላል።

"አልተቃኘም ገና፣ መንገድ ላይ ነው የቆየው" አለ አንዱ። ቃኘነው። ደግማ መታች፣ ያው ነው። ሰዎች የቀለደች መስሏቸው ሳቁ። እኔ ፊቷን አየሁና ጠጋ ብዬ ክሮቹን አየሁ። ወፍራሙ ላይ ነው፣ ቀጭኑ ታች። ለዓለም ግራኞች ሁሉ ትክክል ነው። ለንሶና ግን ፊደሉን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት አንብቢ እንደማለት ነው።

"ሙኮኮ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "እጄን ሰው ቀየረብኝ።"

በማግስቱ ጊታር ጠጋኙ ፓፓ ኢሉንጋ ዘንድ ወሰድነው። እንደ ሐኪም ገልብጠው መረመሩት። "ክሮቹን ማገላበጥ ቀላል ነው" አሉ። "ከላይ የሚያርፉባትንም አጥንት ቆርጬ እሠራለሁ። ችግሩ ይሄ ነው።" ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበትን ብረት በጥፍራቸው መቱት። "አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ሰያፍ ሆኖ የፈሰሰው ለነሱ አደራደር ነው። ካገላበጥሽው፣ አንገቱ መጀመሪያ ላይ ደህና ይመስልሻል፤ ወደ ላይ ስትወጪ ድምጹ ይኮመጥጣል።"

"ሴቤኔ እኮ ያለው ላይ ነው ፓፓ" አለቻቸው።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉና ጊታሩን መለሱላት።

"ለዚንጋ ንገሪውና መልሶ ይቀይርልሽ" አልኳት መንገድ ላይ። ቆመች።

"ሲደውል ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደኝ' አለኝ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ የልቡ ደረሰለት፤ አሁን 'ያንተው ተገልብጦ ይሻለኝ ነበር' ልበለው? የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳይነግረው! አንተም አፍህን ያዝ።"

ሦስት ቀን አዲሱን ልትማር ታገለች። በስፌት ቤቱ በር ሳልፍ እሰማታለሁ፤ ጀማሪ ሕፃን ነው የሚመስለው። ጆሮዋ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ጣቷ ግን ወደ ድሮ ቤቱ ይሄድና ሌላ ሰው ገብቶበት ያገኘዋል። እኔ ምን ላደርግ? በሩን አልፌ እሄዳለሁ። በጣም ነው ያሳዘነችኝ፣ ደግሞም ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም።

እሁድ ሆነ። ጸሎት ቤቱ ጢም ብሏል። ንሶና ማንጎዋን አንጠልጥላ ቦታዋ ላይ ቆመች። የፓስተሩ ሚስት ስልኳን አምፕሊፋየሩ ጎን አስቀምጣለች፤ ዚንጋ ከቤልጂየም በመስመር ላይ ነው። ኔትወርኩ ምስል አልችልም ስላለ ድምጽ ብቻ ነው የሚሰማው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በሆዴ።

ዝግተኛው መዝሙር ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ እየነካች አለፈች። ላቧ ይንጠባጠባል። ከዚያ ከበሮው ተለወጠ፣ ሕዝቡ ተነሳ፣ ሴቤኔው መጣ። ንሶና ማንጎዋን ከአንገቷ አውልቃ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወደ ዲዬመርሲ ዞረች።

"ልጄ፣ ያንተን አውሰኝ።"

ልጁ አየኝ። የሚጠብቀው ቦታ ይኸው ፊቱ ነው፤ እንቢ ቢላት ያኔውኑ የሱ ነበር። ጊታሩን አውልቆ ሰጣት።

ተቀብላ ገለበጠችው። ቀጭኑ ክር አውራ ጣቷ ስር ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቤዙን እንዴት እንደያዝኩ እንኳ አላስታውስም። አሮጊቶቹ ወንበር ገፍተው ተነሱ። ክርኗ የድምጹን ቁልፍ እየነካ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ በትንሿ ጣቷ መልሳ ከፍ ታደርገዋለች፣ እንደ ድሮው። ዲዬመርሲ ባዶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያያታል።

ሲያልቅ ስልኩን አነሳች። ዚንጋ እየጮኸ ነበር፣ ሁላችንም ሰማነው።

"ሰማሽ ንሶና? ሰማሽ? ይሄ ነው ለአንቺ የተሠራ ጊታር! ስንት ዓመት የኔን ገልብጠሽ ስትሰቃዪ... ልዩነቱ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል!"

"ይሰማል ወንድሜ" አለችው። "እግዜር ይስጥልኝ።"

"ክር ልላክልሽ? መቼም ይበጠስብሻል። ምን ዓይነት ልላክ?"

ንሶና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ማንጎ አየችው። "ክሩ ደህና ነው ዚንጋ" አለች። "ክሩ ምንም አልሆነም።"

ስልኩን ዘጋች። ፓስተሩ ከሩቅ ፈገግ እያለ ወደኛ ይመጣል። ዲዬመርሲ አጠገቧ ቆሞ፣ ቸኩሎ እንዳይመስልበት ሌላ ሌላ ቦታ እያየ፣ ጊታሩን ይጠብቃል። አወለቀችና ቀበቶውን ጠቅልላ ሰጠችው፤ በቀኝ እጇ።