አፉ የቀደመ

አጎቴ ፍኖተ ሰላም ላይ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ሳያስብ የሚለፈልፍ ሰው ሲያጋጥማቸው፣ ከመደባቸው ንቅንቅ ሳይሉ፣ «ትልና ቀንድ አውጣ ገና ሽል ሳሉ መጀመሪያ የሚከፈትላቸው አፋቸው ነው። እኛ ሰዎቹ ግን ፊንጢጣችን ይቀድማል፤ አፋችን ኋላ ይመጣል። አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» ይሉት ነበር።

በአርባቸው ዕለት ከሁሉ ቀድሞ ለንግግር የተነሣው የአክስቴ ልጅ ነው። ያን ሁሉ ወር ታመው ሲተኙ ከቡሬ መጥቶ «እንዴት አደሩ?» ያላላቸው ሰውዬ፣ «አባቴ ነበሩ እኮ! እጄ ላይ ነው ያረፉት!» እያለ ደረቱን ይመታል። ዘመድ አዝማዱም አምኖት ከንፈሩን ይመጥጣል።

ወደ ባዶው መደብ ዞሬ ጠበቅሁ። ዝም ሲልብኝ ጊዜ እኔው ተነሣሁና፣ «ቁጭ በል፣ አንተ ቀንድ አውጣ!» አልኩት።