ኢንዓም ለዓፊያ ቡድን ስትመርጥ

ኢንዓም ሦስት ጥያቄ ነበራት። መኪናው የማን ነው? ሾፌሩ ማን ነው? ስንት ሰዓት ይመለሳል? እነዚህን የሚመልስላት ሰው ፍለጋ አሶሳ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ተንከራተተች።

ልጇ ዓፊያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በግራ እግሯ ኳስ ስትመታ መንገደኛ ቆሞ ያያል። ዘንድሮ ሁለት የሴት ልጆች ቡድኖች ፈለጓት፤ ሁለቱም ከወረዳ ወረዳ እየዞሩ ይጫወታሉ። አንዱ ጎህ ይባላል። ነጋዴዎች ስለሚደግፉት ማሊያው አዲስ ነው፤ ልጆቹን የሚያጓጉዘው ግን በአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ሌላውን፣ ቀርከሃ የሚባለውን፣ ከቡለን የመጣች የዝናሽ የምትባል አስተማሪ ታሠለጥነዋለች። የእሱ ማሊያ ከመታጠብ ብዛት ቁጥሩ አይነበብም።

የኢንዓም ባል ኻሚስ ሾፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከድንበሯ ከተማ ከኩርሙክ ሲመለስ መንገድ ላይ መሸበት፤ ጎርፍ የበላውን የመንገድ ጠርዝ አላየውም። ኢንዓም ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አታወራም።

እሷ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አስተርጓሚ ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ አሥራ አንድ ላይ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ጥያቄ ከአረብኛ ወደ አማርኛ ታደርሳለች፤ መልሱንም ይዛ ትመለሳለች። ለራሷ ጥያቄ ግን መልስ አምጪ አጣች። የጎህን አሠልጣኝ ወሰንን በስልክ ሦስት ጊዜ አገኘችው።

«ወይዘሮ ኢንዓም፣ ልጅቷን ብቻ ይስጡኝ፤ ከዓመት በኋላ በቴሌቪዥን ያዩአታል» አላት።

«እኔ ማየት የምፈልገው በበሬ ስትገባ ነው። ስንት ሰዓት ትመልሷታላችሁ?»

«ለእሱ አያስቡ።»

እሷ ደግሞ የምታስበው ለእሱ ብቻ ነበር።

አንድ ዓርብ ከምሽቱ ሶላት በኋላ ወሰን ራሱ ቤቷ መጣ። የኻሚስ ታላቅ ወንድም ዐብዱልቃድርና የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ጣሀ አብረውት ነበሩ። ማንጎው ሥር ምንጣፍ አነጠፈችላቸው፤ ቀዩን የከርከዴ መጠጥ ቀዳች። ወሰን በርታኛ ስለማያውቅ ወሬው በአማርኛ ሆነ። ወሰን የሚያወራው ለዐብዱልቃድር ነው። ዐብዱልቃድርም የሚመልሰው ለወሰን ነው። እሷ ስትናገር ሁለቱም ብርጭቋቸውን ያያሉ።

«ሾፌሩ ማን ነው?» አለች።

«ኢልያስ ነው። ሰው አክባሪ ልጅ ነው» አለ ወሰን።

«ማክበሩን አልጠየቅሁም። ከመምሸቱ በፊት ይመልሳቸዋል?»

«ኢንሻ አላህ» አለ ዐብዱልቃድር በወሰን ፈንታ።

«ኢንሻ አላህማ እኔም እላለሁ። መጀመሪያ ሰዓቱን ንገሩኝ።»

ዐብዱልቃድር ሳቀ። «ወሰን፣ አትቀየም፤ ጾሬ ውላ ስለምትመጣ ሰው ሁሉ ፎርም የሚሞላ ይመስላታል።»

ሼህ ጣሀም ሳቁ። «ልጁ ጎበዝ ነው» አሉ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ ዓፊያን ማለታቸው ነው፤ «እኔ ራሴ አየሁት። አላህ በሰላም ይውሰደው፣ በሰላም ይመልሰው። ፋቲሐ!» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ።

ኢንዓምም ዘረጋች፤ የቁርኣኑን መክፈቻ ምዕራፍ መቅራት ጀመረች።

ኻሚስ ከሞተ ወዲህ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «ፋቲሐ!» ይላል፤ እሷም መዳፏን ትዘረጋለች። አርባው ካለፈ በኋላ እንኳ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ገበያ መሀል አስቁመዋት እንዲሁ ብለዋል። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ መነሣት ለምዷል። ፋቲሐውን ቀርታ ጨርሳ፣ «አሚን» ብላ ፊቷን አብሳ ቀና ስትል፣ ዐብዱልቃድር የወሰንን እጅ እየጨበጠ ነው።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ምን ይሆናል? አለቀ። አንቺም ፋቲሐውን ቀርተሻል።»

«እኔ እኮ...» ብላ ተወችው። ማን ይሰማታል? ፋቲሐ የተቀራበት ነገር አይፈርስም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ እናቷም በዚሁ ነው የተዳረችው።

በሳምንቱ ዐብዱልቃድር የጎህን መመዝገቢያ ፎርም ፈረመ። ዓፊያ አዲሱን ማሊያ ለብሳ መስታወቱን ለቅቃ አልሄድ አለች። የመጀመሪያው ጉዞ ኩርሙክ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሣለን ተባለ። ኢንዓም ፈቃድ ወስዳ ልጇን ይዛ በሰዓቱ ደረሰች። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሆነ። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቧቸውን በልተው ጨረሱ። አይሱዙው የመጣው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«ጎማ ሳስቀይር ነው» አለ ኢልያስ ከመኪናው ሳይወርድ።

«ውጡ ልጆች! ውጡ! ጨዋታው አይጠብቀንም» ብሎ ወሰን አጨበጨበ።

ኢንዓም በጣቷ ቆጠረች። መሄጃው አራት ሰዓት ይፈጃል። ጨዋታው አለ፤ ከጨዋታው በኋላ ምሳ አለ። ኻሚስም የዚያን ቀን ጭነት ዘግይቶበት ነበር የወጣው። ዓፊያ አንድ እግሯን መኪናው ላይ ስታደርግ እጇን ያዘቻት።

«ውረጂ።»

«እማ!»

«ውረጂ አልኩሽ።»

ዐብዱልቃድር ሰው እየገፋ መጣ። «ኢንዓም፣ ሰው ፊት አታዋርጂን። ፋቲሐ ልታፈርሺ ነው?»

ኢንዓም እሱን ትታ ሊመርቁ ወደ መጡት ሼህ ጣሀ ዞረች። «አባቴ፣ የዚያን ቀን ምን ብለው ነበር ፋቲሐ ያስቀሩን?»

«በሰላም ይውሰደው፣ በሰላም ይመልሰው ብያለሁ።»

«እኔም ለእሱ ነው አሚን ያልኩት። በጨለማ ይመልሰው አላሉም።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «አላልኩም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በላይ ግን አልረዷትም።

ጎህ ኩርሙክን ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ሌሊቱን በሰላም ገባ፤ ማንም ምንም አልሆነም። እሑድ ጠዋት ውኃ የሚቀዱ ሴቶች «ኢንዓም፣ መኪናው እኮ አልተገለበጠም!» ብለው ሳቁባት። እንዳይገለበጥ ሌሊቱን ሁሉ ስትለምን ማደሯን ለማን ትንገር? ዓፊያ ሦስት ቀን አላናገረቻትም። ማሊያውንም ልጅቷ ራሷ አጣጥፋ ለዐብዱልቃድር መለሰችለት።

ረቡዕ ኢንዓም ከሰርቪስ እንደወረደች በቀጥታ ቀርከሃ ወደሚለማመድበት ሜዳ ሄደች። የዝናሽ ከአፏ ፊሽካውን አወጣች። ኢንዓም ጥያቄዎቿን በቃል እንዳጠናችው ትምህርት በተራ ጠየቀቻት።

«የመስመር ሚኒባስ እንኮናተራለን» አለች የዝናሽ። «ሾፌሩ ቃናኒ ይባላል፤ ቁጥሩን ልስጥሽ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሶሳ እንገባለን። ከዘገየ እዚያው እናድራለን፤ እኔም አብሬ አድራለሁ።»

ኢንዓም ሌላ የምትጠይቀው አጣች። አንድ ወር ሙሉ የፈለገችው መልስ ይህንኑ ያህል ነበር።

«ግን እህቴ፣ አልዋሽሽም» ቀጠለች የዝናሽ። «የልጅሽ ስም በጎህ ተመዝግቧል። ዘንድሮ ለእኔ መጫወት አትችልም። ልምምድ ትምጣ፤ ከልምምድ ማንም አይከለክላትም።»

«አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አንድ ዓመት።»

አሁን ዓፊያ ማሊያ ሳትለብስ ከቀርከሃ ጋር ትለማመዳለች። ሌሎቹ ወደ ባምባሲ ሲሄዱ እሷ ትቀራለች። ኢንዓም ከጾሬ ስትመለስ ሜዳው ዳር ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች። ዓፊያ ወደ እናቷ አትመለከትም፤ ኳሱን በግራ እግሯ እየደጋገመች በሜዳው ጫፍ ያለ ግድግዳ ላይ ትመታለች።

ባለፈው ሰኞ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዓፊያ ኳሱን ለየዝናሽ አቀብላ መጣች። ከእናቷ ፊት ቆማ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«ተነሺ እንጂ» አለቻት፤ «ሊመሽብሽ እኮ ነው።»