አሥር ደቂቃ የቀደመው የቀበሌ ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ አያት ሰፈር ያለው የልጄ ቤት የግድግዳ ሰዓት ቆሞ አገኘሁትና አወረድኩት። ባትሪው ፈስሶ ማስቀመጫውን አረንጓዴ ዝገት አልብሶታል። ጠርጌ አዲስ ባትሪ ስከት ልጄ ከማድ ቤት፣ «አባዬ፣ አሥር ደቂቃ አስቀድመው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት እየረፈደባቸው ነው» አለችኝ። ሰዓት አሥር ደቂቃ ማስቀደም ለእኔ አዲስ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ቦሌ ውስጥ ሰዓት የምጠግን የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ያኔ ኳርትዝ የሚባለው የባትሪ ሰዓት ብርቅ ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ ሹካ የተቀረጸች፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ክሪስታል አለች። ኤሌክትሪክ ሲነካት በሰከንድ ሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። አጠገቧ ያለው መሣሪያ ያንን እየቆጠረ፣ ቁጥሩ በሞላ ጊዜ ሰከንድ ቆጣሪውን አንድ እርምጃ ይገፋዋል። ይህንን ለሰፈሩ ሁሉ እያወራሁ አልጠግብም ነበር። «ኳርትዝ አይሳሳትም» እላለሁ፣ የሠራሁት ይመስል።

ቀበሌያችን አንድ ኳርትዝ አግኝቶ አዳራሹ ውስጥ ሰቀለ። እሑድ ሦስት ሰዓት ለሚጀመረው ስብሰባ ያረፈደ ሰው ለአንድ ወር ምንም ወረቀት አይፈረምለትም። አንድ የክረምት እሑድ ጠዋት ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ቆሎ አፉን ሞልቶ ነው የሚያናግረኝ፤ ፍርፋሪው እጄ ላይ አረፈ።

«አሥር ደቂቃ አስቀድማት። ይሄ ሕዝብ ካልተቀጣ አይማርም።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ትክክል እኮ ናት።»

«ትክክሉን እኔ አውቃለሁ። ለማንም እንዳትተነፍስ!»

አስቀደምኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጭቃውን አቋርጠው ደረሱ። ሸኖ ያሉ እናታቸው በጠና ታመዋል፤ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ደግሞ ከከተማ መውጣት አይቻልም። በር ላይ «አርፍደዋል» ሲባሉ የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩ። «ገና ስድስት ደቂቃ አለ። በሬዲዮ አስተካክዬ ነው የወጣሁት።» የግድግዳው ሦስት ሰዓት ከአራት ይላል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዴ፣ አንተ የሰዓት ሰው ነህ። የኔ ነው የተሳሳተው?»

ሊቀመንበሩ ማላመጡን አቁሞ አየኝ።

«እትዬ፣ ያኛው ኳርትዝ ነው፤ አይሳሳትም» አልኩ።

አመኑኝ። «እንግዲያው ይቺ አርጅታለች» ብለው ትክክለኛ ሰዓታቸውን ከግድግዳው ጋር አስተካከሉ።

ይለፉ አልተፈረመም። እናታቸው በሦስተኛው ሳምንት ተቀበሩ፤ እሳቸው ለቅሶ የተቀመጡት እዚያው ቦሌ ነው። እኔም ሆዴ እያወቀ ሄጄ ንፍሮ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ንፍሮ ቀምሼ አላውቅም። ሊቀመንበሩን መጸየፍማ ቀላል ነው፤ ራስን ሲጸየፉ ግን የት ይሸሻል?

ክሪስታሏ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ትቆጥራለች እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ አታውቅም። እሱን የሚነግራት ሰው ነው።

የልጄን ሰዓት ከስልኬ ጋር አስተካክዬ ሰቀልኩት። ብቅ ብላ አየችው።

«አላስቀደምከውም እንዴ? ልጆቹ ያረፍዳሉ እኮ!»

«ያርፍዱ» አልኳት።